ቦቴው ሲገለበጥ፦ መንገዱ ወይስ አዋሽ?

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መንገድ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራ፣ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ ይታያል፤ ከሜዳው ማዶ የፓርኩ ወሰን የሆነው የአዋሽ ወንዝ ይፈሳል። በዚህ መንገድ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ቢገለበጥ ቀድሞ ምን ይደረግ በሚለው ላይ አስተዋይ ሰዎችም አይስማሙም።

«መንገዱ ቶሎ ይከፈት» የሚሉትን ለወንዙ ግድ የሌላቸው አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም። የአገሪቱ ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። መንገዱ ሲዘጋ የሚፈጠረው የተሽከርካሪ ሰልፍ ራሱም አደጋ ነው፤ ሌሎች ቦቴዎች ከፈሰሰው ቤንዚን አጠገብ ሞተር እንዳስነሱ ይቆማሉ፣ ሰዉም ጀሪካን ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በታንዛኒያዋ ሞሮጎሮ ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሲቀዱ እሳት ተነሥቶ 100 ገደማ ሰዎች ሞተዋል። በኅዳር 2021 ደግሞ በፍሪታውን በተመሳሳይ አደጋ ያለቀው ሕዝብ ከዚያም በለጠ። ይህን የሚያውቅ ሰው ነዳጁ በውኃ ታጥቦ ከአስፋልቱ ይውረድ ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የታጠበው ነዳጅ አይጠፋም። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል ተንሳፎ ከመንገዱ ቦይ ወደ ደረቅ የጎርፍ መውረጃ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሊደርስ ይችላል። ሳሙና ቢጨመርበትም ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበትነዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ለዓሣው እንዲያውም ይብሳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከፓርኩ በታች የአሚባራ የመስኖ እርሻዎች አሉ፤ የአፋር አርብቶ አደሮችም ግመልና ከብታቸውን የሚያጠጡት ከዚሁ ወንዝ ነው።

ስለዚህ «መጀመሪያ ነዳጁ ይገደብ» የሚለው ወገን ክርክር ጠንካራ ነው። ድክመቱንም አለመሸሸግ ይገባል። በቦቴው የቀረው ነዳጅ ወደ ሌላ ቦቴ ሳይገለበጥ የወደቀውን በክሬን ማንሳት አደገኛ ነው፤ መገልበጡም ሰዓታት ይፈጃል። በናፍጣ የራሰው አፈር ተቆፍሮ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ከተደፋ ደግሞ ጉዳቱ ቦታ ከመለወጥ በቀር ምን አተረፈ? የፈሰሰው ቤንዚን ከሆነም በዚያ ቆላ ሙቀት ብዙው ይተናል፤ ያን ጊዜ ከአፈሩ ይልቅ የሚያስፈራው ተኑ ነው።

ወቅቱም ፍርዱን ይለውጠዋል። በበጋ ደረቁ መሬት ነዳጁን ይመጥጠዋል፤ ለጽዳት ፋታ ይገኛል። በክረምት ግን አንድ ጎርፍ ጧት የፈሰሰውን ከሰዓት በኋላ ወንዝ ሊያገባው ይችላል።

እኔ የማዘነብለው ሥራዎቹን በሰዓት ወደመለየት ነው። መጀመሪያ ሰውና ሞተር ይራቅ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። እሳት ከተነሣ ወይም ታንኩን ማቀዝቀዝ ካስፈለገ ውኃውም አረፋውም ይረጭ፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል። በዚያው ሰዓት ግን ለቦታው የሚበቃ ጥንቃቄ ያደረገ ሰው የቦዩን አፍ በአፈር መድፈን ይችላል፤ ይህ መንገዱን አያዘገይም። እሳት ከሌለ አስፋልቱን ከማጠብ አሸዋ ነስንሶ መጥረግ ይሻላል፤ ተኑ ሲቀንስም አንድ መስመር ይከፈት። የራሰው አፈር እስኪጓጓዝ ፕላስቲክ ላይ ተከምሮ ቢሸፈን ዝናብ አያጥበውም።

ወጪውን በተመለከተ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የጽዳቱን ዋጋ ይክፈል ይላል። መርሑ ትክክል ነው። ሆኖም ባለንብረቱ ሁሉም በእኔ ላይ ይወድቃል ብሎ ከፈራ ሾፌሩ አደጋውን ለማሳወቅ ሊያመነታ ይችላል። ሒሳቡ በኋላ ቢተሳሰብና ቶሎ ያሳወቀ ቢታሰብለት ሳይሻል አይቀርም። አሸዋና አካፋም አደጋ ሳይደርስ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ መካከል ቢቀመጥ ሁለቱም ወገን የሚቃወመው አይመስለኝም። የተቆፈረው አፈር የት ይረፍ በሚለው ላይ ግን ክርክሩ ገና ይቀጥላል፤ ቦታው ቦቴ ከመገለበጡ በፊት መመረጥ አለበት።