ከቴሌቪዥን ጋር ለሚያያዝ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ስለ መምረጥ

ከደመወዙ ቆጥቦ ቴሌቪዥን የገዛ ወጣት ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛ ምኞት ያድርበታል። ይኸውም በሐርድ ዲስክ ያጠራቀመውን ፊልም በሰፊው ስክሪን ማየት፥ በዕረፍት ቀንም ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት ግጥሚያ የእግር ኳስ ጌም መጫወት ነው። ለዚህ ጉዳይ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያያዝ አነስተኛ ኮምፒውተር ይበቃል። ነገር ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ ሱቅ በሄደ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ፕሮሰሰሩ የትኛው ይሁን? የብዙ ወር ቁጠባ የሚቃናበት ወይም የሚባክንበት ቦታ ይህ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ጥቂት እንነጋገርበታለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሻጩ ብዙውን ጊዜ ጣቱን የሚያሳርፈው በኮምፒውተሩ ግንባር ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ምልክት ላይ ነው። «ኮር አይ 7 ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ ወንድሜ?» ይላል። ገዢውም ሰባት ከሦስት እንደሚበልጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃልና ይረታል። ዳሩ ግን በፕሮሰሰር ገበያ ሰባት ሁልጊዜ ከሦስት አይበልጥም። ኢንቴል በ2011 ያወጣውን ኮር አይ 7-2600ን በ2022 ካወጣው ኮር አይ 3-12100 ጋር እናስተያይ። ሁለቱም አራት አራት ኮር አላቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስምንት የሥራ መስመር ያካሂዳሉ። የፊተኛው በ95 ዋት፥ የኋለኛው በ60 ዋት ተመድበዋል። በሥራ ፍጥነት ግን «ታናሹ» «ታላቁን» በብዙ ይቀድመዋል፤ ፊልም በማሳየት በኩል ከሆነማ ጭራሽ አይወዳደሩም።

ስለዚህ አስቀድሞ መነበብ ያለበት ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። በጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ላይ ቁጥሩ ባለ አራት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያው አኃዝ፥ ባለ አምስት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይናገራሉ። 2600 ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ 8500 ስምንተኛ፤ 12100 አሥራ ሁለተኛ። (ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ኢንቴል «ኮር አልትራ» የሚል ሌላ ስም ስላወጣ ይህ አነባበብ በእነዚያ ላይ አይሠራም፤ እነርሱ ግን ለጊዜው ከእኛ ኪስ የራቁ ናቸው።) ቁጥሩም መታየት ያለበት ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ነው። ምልክቷ ወረቀት ናት፤ ከአንዱ ተልጣ በሌላው ላይ ልትለጠፍ ትችላለች።

ለመሆኑ ትውልድ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ፊልም በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው ተቋጥሮ ስለ ሆነ ነው። ፎር ኬ በሚባለው የምስል ስፋት አንዱ ምስል 3840 በ2160፥ ማለት ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጠብጣቦች አሉት፤ ፊልም ደግሞ በየሴኮንዱ 24 ምስል ያሳልፋል። ይህ ሁሉ እንዳለ ቢቀመጥ በየሴኮንዱ 600 ሚሊዮን ባይት ገደማ፥ ለሁለት ሰዓት ፊልምም ከ4 ሺህ ጊጋ ባይት በላይ ቦታ ባስፈለገ ነበር። ስለዚህ ምስሉ በልዩ ዘዴ ተጨምቆ ይቋጠራል፤ በምናይበትም ጊዜ ቋጠሮው በዚያው ቅጽበት መፈታት አለበት።

የቋጠሮው ዓይነት ግን አንድ ብቻ አይደለም። በ2003 የወጣው ኤች 264 ይባላል። በ2013 የወጣው ኤች 265 ያንኑ ፊልም በጣም ባነሰ ቦታ ይይዛል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉት የፎር ኬ ፊልሞች አብዛኞቹ በዚህ የተቋጠሩ ናቸው። ዩቲዩብ ደግሞ በ2013 የወጣውን ቪ.ፒ. 9ንና በ2018 የወጣውን ኤ.ቪ. 1ን ይጠቀማል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለመፍታት ብቻ የተሠራ ትንሽ ክፍል አለ፤ ይህም ክፍል የሚፈታው በተሠራበት ጊዜ የተማረውን ቋጠሮ ብቻ ነው። ያ የ2011 ኮር አይ 7 ከነዚህ አራቱ የሚያውቀው ኤች 264ን ብቻ ነው። በ2015 የወጣው ስድስተኛው ትውልድ ኤች 265ን ተማረ፤ ሆኖም ቀለሙ የደመቀውን ባለ 10 ቢቱን ዓይነት በሚገባ መፍታት የጀመረው ሰባተኛው ነው፤ ቪ.ፒ. 9ንም እንደዚሁ። ኤ.ቪ. 1 ደግሞ ከአሥራ አንደኛው ትውልድ ወዲህ ነው።

ክፍሉ የማያውቀው ቋጠሮ ሲመጣ ፊልሙ ፈጽሞ አይታይም ማለት አይደለም። ኮሮቹ በጉልበት ይፈቱታል። ያን ጊዜ ግን ሙቀቱ ይነሣል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ድምፁ ቀድሞት ይሄዳል። አልጋውና ቴሌቪዥኑ በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ላሉበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለውን መግዛት ዕድሜው ላለቀ ዕቃ ገንዘብ ማውጣት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጌሙ እንምጣ። ለጌም ፕሮሰሰሩ ብቻውን አይበቃም፤ ምስሉን የሚሥል የግራፊክስ ክፍል ያሻል። ለብቻው የሚሸጠው የግራፊክስ ካርድ ውድ ስለ ሆነ፥ ለእኛ የሚበጀው ክፍሉ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ነው። እዚህ ላይ በስሙ መጨረሻ ያለችው አንዲት ፊደል ብዙ ታመጣለች። ኢንቴል 12400 ግራፊክስ አለው፤ 12400ኤፍ ግን የለውም። ከኤ.ኤም.ዲ. በኩል ራይዘን 5 5600ጂ አለው፤ 5600 የለውም። ፊደሏን ሳያይ የረከሰውን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው የሚጠብቀው ጥቁር ስክሪን ነው።

በ2021 የወጣው 5600ጂ ስድስት ኮር አለው፤ ግራፊክሱም ከ12100 በጣም የበረታ ነው። እንደ ፔስ 2017 ያሉትን የእግር ኳስ ጌሞች፥ በ2013 የወጣውን ግራንድ ቴፍት አውቶ 5ንም በ1080 ጥራት መጠነኛ በሆነ አቀማመጥ ያጫውታል። ጉድለቱ ኤ.ቪ. 1ን የሚፈታ ክፍል የሌለው መሆኑ ነው፤ ሆኖም በ1080 ጥራት ከሆነ ስድስቱ ኮሮች ያለ ችግር ይፈቱታል። 12100 በአንጻሩ አራቱንም ቋጠሮ ይፈታል፤ በጌም በኩል ግን ጥራቱን ዝቅ ካላደረጉለት ይደክማል። ሁለቱንም አሟልቶ የያዘው በ2024 የወጣው ራይዘን 5 8600ጂ ነው። እርሱ ግን አዲስ ዓይነት ማዘርቦርድና ዲ.ዲ.አር. 5 ሜሞሪ ስለሚጠይቅ ዋጋው በፕሮሰሰሩ ብቻ አይቆምም።

ሜሞሪን ካነሣን አንድ ቸል የሚባል ነገር እንጥቀስ። አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንዱን ይካፈላል። ባለ 3200 ዲ.ዲ.አር. 4 አንድ ብቻ ቢሰካ በየሴኮንዱ 25.6 ጊጋ ባይት ያሳልፋል፤ ሁለት ቢሰኩ 51.2 ጊጋ ባይት። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋ ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋ መግዛት ይሻላል። ጌሙ ሲንተፋተፍ ፕሮሰሰሩን የሚረግም ብዙ ነው፤ ባዶውን የሜሞሪ ቀዳዳ የሚያይ ግን ጥቂት።

በእኛ አስተያየት ከፊልም በቀር ሌላ እምብዛም የማይሻ ሰው ከየመሥሪያ ቤቱ ወጥተው በሁለተኛ እጅ ከሚሸጡት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ኮር አይ 5-8500ቲ ያለበትን ቢፈልግ አይጸጸትም። ቲ የምትለው ፊደል 35 ዋት መሆኑን ታመለክታለች፤ ሙቀቱና ጩኸቱ አነስተኛ ነው፤ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈርም በዩ.ፒ.ኤስ. ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ብቻ የኤች.ዲ.ኤም.አይ. መውጫቸው የቆየ ዓይነት ስለሚሆን ፎር ኬን በየሴኮንዱ በ30 ምስል ይገድበዋል። ለፊልም ይበቃል፤ ለበለጠ ግን በዲስፕሌይ ፖርት በኩል በማገናኛ ማያያዝ ያስፈልጋል። ጓደኞቹን ሰብስቦ የሚጫወት ሰው ግን 5600ጂን ከሁለት ሜሞሪ ጋር ይምረጥ።

ከመክፈል በፊት በፍላሽ አንድ ባለ 10 ቢት የኤች 265 ፊልም ይዞ መሄድ ነው። በቪ.ኤል.ሲ. ማጫወቻ ከፍቶ፥ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን ገጽ ማየት። «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር ከተንቀሳቀሰና የሲፒዩው መስመር ዝቅ ብሎ ከቆየ፥ ፈቺው ክፍል ሥራውን እየሠራ ነው። የሲፒዩው መስመር ወደ ጣራ ከወጣ ግን ምልክቷ ምንም ብትል ዕቃውን መመለስ ነው። ሻጩ ፍላሹን አልሰካም ካለም ከጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።