አባቱ የሚያውቀውን ፊዚክስ ልጁን ማን አስረሳው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ፍርዱ አንድ ነው፦ «ተማሪው ሰንፏል»። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ሰባቱ ሰነፍ ሊሆኑ አይችሉም። የሰነፈው ማስተማሩ ነው። ፊዚክስ ከትምህርቶቹ አንዱ ብቻ ቢሆንም ሕመሙ እዚያ ጎልቶ ይታያል። ማስረጃ የፈለገ አሰላ ይሂድ።

በአርሲ ደጋ ገበሬው አውድማው ላይ ነፋስ ጠብቆ የተወቃውን ስንዴ በመንሽ ወደ ላይ ይበትናል። ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል፤ እብቁ ርቆ ይሄዳል። እብቁ ክብደቱ ትንሽ፣ ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጹ ግን ሰፊ ስለሆነ አየሩ ያሸንፈዋል። ኮምባይነሩም በሆዱ ባለው ማራገቢያ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የዚያ ገበሬ ልጅ ክፍል ሲገባ ግን «ሁሉም ነገር እኩል ይወድቃል» ብሎ ይሸመድዳል። ከጥያቄው ሥር «ኔግሌክት ኤር ሬዚስታንስ» ተጽፏል፤ የአየሩን ግጭት ተወው ማለት ነው። ለምን እንደሚተው፣ መቼስ መተው እንደማይቻል አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው የለም።

«ለጀማሪ ማቅለል ያስፈልጋል» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፤ ከጠረጴዛ ለወደቀ ድንጋይ አየሩን መተው አይጎዳም። ለዝናብስ? ከ2,000 ሜትር ከፍታ የወረደ ጠብታ በዚያ ቀመር ከተሰላ መሬት የሚደርሰው በሰከንድ 200 ሜትር፣ በሰዓት 720 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ነው። የአሰላ ቆርቆሮ ሁሉ ወንፊት በሆነ ነበር! እውነተኛው ትልቅ ጠብታ በሰከንድ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። ፍጥነቱ ሲጨምር አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይልም ይጨምራል፤ ያ ኃይል ከክብደቱ ጋር ሲተካከል ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። ጠብታው ግን አይቆምም፤ በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። ቀመር ብቻ የሸመደደ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ «ኃይሎቹ እኩል ከሆኑማ ይቆማል» ይላል።

ይህን ለማስተማር ቤተ ሙከራ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ስንዴና አንድ እፍኝ እብቅ ይበቃል። የጎደለው «ለምን ተለያዩ?» ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ነው። ፈተናው ከምርጫዎቹ አንዱን ማጥቆር ብቻ እስከሆነ ድረስ መምህሩ ቀመር፣ ተማሪው ፊደል ያሳድዳል።

ትምህርት ሚኒስቴር በሚቀጥለው ዓመትም መቶኛ ይነግረናል። ልጁን ሰነፍ ከማለት በፊት አውድማ ላይ ያየውን ማን «ተወው» እንዳለው ይጠየቅ።