ኔትወርክ ሲጠፋ መኪናችሁ ውስጥ ምን አለ?
እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሀሪኬን ሄሊን የአሜሪካዋን ምዕራብ ኖርዝ ካሮላይና ሲመታ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ ስልክም ዝም አለ። ያኔ ብዙ ሰው የዘመዱን ደህንነት ያጠያየቀው በአማተር ሬድዮ ነው። ሚቸል ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ ድምፁን እየተቀበለ ራቅ ወዳለው ያሻግር ነበር።

መኪና ላይ ሲገጠም ደግሞ ጉልበት ያገኛል። የእጅ ሬድዮ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዋት ገደማ ነው፤ የመኪናው 50 ዋት ሊደርስ ይችላል፣ የሚሠራውም በመኪናው ባትሪ ነው። ከተቀራረባችሁ ያለ ምንም ታወር ከመኪና መኪና ታወራላችሁ።

ግን ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻውን ዋጋ የለውም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ፈቃድ 35 ጥያቄ ያለው ፈተና አለው። በሰላሙ ቀን ያልተለማመደ፣ በጎርፉ ቀን የትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ሰው እንዳለ አያውቅም። እዛ ከባድ መኪና የምትነዱ ወገኖች፣ ይሄ ለናንተም ነው።