ባች በመግቢያ ዓመቱ ይቆጠር

የዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ሲሰባሰቡ ሰው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በተመረቀበት ዓመት ነው። የ61 ምሩቃን፣ የ64 ምሩቃን እየተባለ ቀን ይቆረጣል፣ አዳራሽ ይያዛል፣ ቲሸርት ይታተማል። ልማዱ በራሱ ክፋት የለውም። በ1950ዎቹ ስድስት ኪሎ ወይም ዓለማያ አብሮ የገባ ተማሪ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ወድቆ «ክሪስማስ ግራጁዌት» እየተባለ ከሚቀለድበት በቀር፣ ከሞላ ጎደል አብሮ ይወጣ ስለነበር በየትኛውም ዓመት ቢቆጠር ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ለገባው ትውልድ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም። የዚያን ዘመን ተማሪዎች በምረቃ ዓመት የሚጠራ ግብዣ ሳያስበው ግማሹን ክፍል ከደጅ ያስቀራል። ስለዚህ ባች በመግቢያ ዓመቱ ይቆጠር እላለሁ። ምክንያቱን ለማየት ከመተማ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚወስደውን መንገድ ማስታወስ ይበቃል።

በ1966 ዓ.ም አንደኛ ዓመት የነበረ ተማሪ ዛሬ ሰባዎቹን ጀምሯል። ትምህርቱን ሳይጨርስ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀምሮ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተበተኑ። ከዘመቻ የተመለሰውን ደግሞ የጠበቀው ቀይ ሽብር ነው። በ1969 እና በ1970 የተገደለው ተገደለ፣ የታሰረው ታሰረ፣ እግሩ የቀናው ወደ ኬንያ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሱዳን ወጣ። የኢሕአፓ ጦር ወደነበረበት አሲምባ ገብቶ የነበረውም ከጦሩ ሽንፈት በኋላ ዞሮ ዞሮ ብዙው መውጫው ሱዳን ሆነ። እንግዲህ ከአንድ ዶርም ሁለተኛው ፎቅ ላይ አብረው ካደሩት መካከል አንዱ በ1971 ተመርቆ ይሆናል፣ ሌላው ከእስር ወጥቶ በ1976፣ ሦስተኛው ደግሞ ገዋን ሳይለብስ ቀረ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ቀን ቢፈለግ የገቡበት ብቻ ነው።

ገዳሪፍ የደረሰው ሰው ለምን ከጓደኞቹ እንደጠፋ መረዳት ከባድ አይደለም። ሱዳን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ከጎንደር በአይከልና በሸኸዲ አድርጎ መተማ ዮሐንስን፣ ከድልድዩ ማዶ ጋላባትን ያለፈ ወጣት ካርቱም ለመግባት ወይ ፈቃድ ይጠብቃል፣ ወይ ተደብቆ ይሄዳል፤ ተደብቆ የገባውን ደግሞ «ከሻ» የሚሉት አፈሳ ይጠብቀዋል። እስከዚያ ድረስ ኡም ራኩባን በመሰለ የስደተኛ ሰፈር፣ ወይም በገዳሪፍ ዙሪያ ባለው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ በቀን ሥራ ይከርማል። ስሙም አብሮት አይሄድም። አንዳንዱ የሚታወቀው በሜዳ ስሙ ነው፤ እውነተኛ ስሙን የሰጠውም «ጨ»ና «ጰ» በሌሉት የዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ልደቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያላወቀው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከካርቱም አውሮፕላን ላይ የወጣው ሰው እንግዲህ ይሄ በወረቀት ላይ የተጻፈው ሰው ነው። በትምህርት ቤት ስሙ የሚፈልገው የክፍል ጓደኛው በምን ያግኘው?

በስደት ዓለም የክፍል ጓደኞች መገናኛ የሆነው በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድር ነው ማለት ይቻላል። በጁላይ መጀመሪያ ስታዲየም ውስጥ ኳሱን ከሚያየው ይልቅ ሰው የሚፈልገው ሳይበዛ አይቀርም። እዚያ የሚለዋወጡት ወሬ ግን ከዓመት ዓመት ወደ መርዶ እያዘነበለ ነው፤ ዕድሜው ነውና አይገርምም። የሚገርመው መርዶው የሚደርሰው የተመረቀው ሲሞት ብቻ መሆኑ ነው። ለእርሱ የሐዘን መልእክት የሚልክ ማኅበር አለ፣ መዋጮ የሚሰበስብ ኮሚቴ አለ። ገዳሪፍ ላይ ዱካው የጠፋው ግን የማንም ተመራቂ ስላልሆነ ስሙን የሚያነሳ የለም። ይህ የማይሻሻል ነገር አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. የማኅበራዊ ጥናት መድረክ የቀድሞ የተማሪዎች ንቅናቄ ተሳታፊዎችን አዳማ ላይ ሰብስቦ ለቀናት አነጋግሯል፤ ንግግሩም በፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አርታኢነት በ2010 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኗል። በተቃራኒ ወገን የነበሩ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ እንደሚችሉ ያኔ ታይቷል። ጉድለት አለበት ከተባለ የታዋቂዎቹ ጉባኤ መሆኑ ነው፤ መድረክ ላይ ወጥቶ የማያውቀው ተማሪ ታሪክ የሚገኘው በየክፍሉ ስብስብ ነው።

«የድሮ ቁስል ለምን ይነካካል? ኢሕአፓና መኢሶን እየተባባሉ ሊጣሉ ነው» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከሁሉም ዝርዝር ለፖለቲካ የማይመቸው የመግቢያው ነው ባይ ነኝ፤ የ1966 ፍሬሽማን ስም ሲጻፍ ከጎኑ የድርጅት ስም አልተጻፈም። «ሽማግሌዎቹ በቀራቸው ዕድሜ ይዝናኑ እንጂ» የሚለውም እንዲሁ ብዙ አያስጨንቅም፣ ስም ጠርቶ መዝናናት ይቻላል። የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ዲግሪውን ያልጨረሰ፣ አርባ ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ የሠራ ሰው ዶክተርና ኢንጂነር ከሆኑ ጓደኞቹ ፊት መቆም ላይፈልግ ይችላል። መብቱ ነው። ተፈልጎ ሲገኝ አልመጣም ካለ ስሙም አድራሻውም ሳይነገር መቅረት አለበት፤ ይህን የማያከብር ኮሚቴ ከመጀመሪያው ባይቋቋም ይሻላል። ነገር ግን «አልመጣም» ማለት የሚችለው የተጠራ ሰው ነው። እስከ ዛሬ የተደረገው እርሱን ሳይጠይቁ ስለ እርሱ መወሰን ነው፤ በዚያ ላይ ውርደቱን የሚያመጣው ራሱ የምረቃ መለኪያው ነው። የጥሪው ወረቀት «የ66 ገቢዎች» ቢል ማንም ከማንም አያንስም ነበር።

ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቻኮልን። ኡም ራኩባ ከዓመታት መዘጋት በኋላ በኅዳር 2013 እንደገና ተከፈተ። ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ተሻግሮ፣ ብዙው እዚያና በቱናይድባህ ሰፈረ፤ ከመካከሉ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ የነበረ አይጠፋም። በሚያዝያ 2015 ደግሞ ካርቱም በጦርነት ስትነድ መንገዱ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በገዳሪፍ አድርገው ወደ መተማ ገቡ፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችም እንደኛዎቹ ተበተኑ። በ2013 የተሰደዱት ልጆች የመግቢያ ዝርዝር በየሬጅስትራሩ ፋይል ውስጥ እያለ ቅጂውን ለየባቹ ተወካዮች መስጠት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የ66ቱን ግን ከፋይል ይልቅ ከሰው ነው መልቀም የሚያስፈልገው። በመጪው ጁላይ ስታዲየም የሚገናኙት ሽማግሌዎች ከዶርማቸው ቁጥር ቢጀምሩ፣ ማን ከማን ጋር ያድር እንደነበር ቢጽፉና በምን በር እንደወጣ ከጎኑ ቢያሰፍሩ፣ ለሚቀጥለው ጥሪ የሚሆን ዝርዝር ይኖራቸዋል።