«ባረቀበት» የምንለው ቃል የሚሸፍነው

ከገዳሪፍ እስከ መተማ፣ ከመተማም እስከ ጎንደር አማርኛ በሚነገርበት ቤት ሁሉ የታወቀ አንድ የመርዶ አነጋገር አለ፦ «ሽጉጥ ባረቀበት»። ይህን የሰማ ለቀስተኛ ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም። ምላጭ የሳበ ጣት፣ አፈሙዙን ያዞረ እጅ በአነጋገሩ ውስጥ የሉም፤ ብረቱ በራሱ ጊዜ ባርቋል። ቃሉ የመብረቅ ዘመድ ነው፤ መብረቅ ደግሞ ባለቤት የለውም፤ አይከሰስም፣ አይመከርም።

ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሸጋገር እንጀራው የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ግሥ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ጎረቤታችን ዐረብኛም በዚህ ረገድ ከእኛ አይሻልም፤ «ረሳሳ ጣይሻ» ሲል ግዴለሽነቱን ከተኳሹ አንሥቶ ለጥይቷ ይሰጣታል። የእንግሊዝ ጦር ግን ሳይታሰብ የተተኮሰን ጥይት «የቸልተኝነት ተኩስ» ብሎ ይጠራዋል፤ ወታደሩንም ይቀጣበታል። እዚያ ያለው ወታደር ጥይት ያለ ሰው እንደማይወጣ ከስሙ ይማራል።

እስቲ ነገሩን ከብረቱ እንመልከተው። ክላሽንኮቭ ካዝናው ቢነቀልም አስቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት በውስጡ ይቀራል። «ባዶ ነው» ተብሎ ለልጅ የተሰጠ፣ ለጓደኛ የተደገነ መሣሪያ የሚገድለው በዚህች በአንዲቷ ጥይት ነው። ቶካሬቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ሲሠራ በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ አልተደረገለትም፤ አጉርሶ በወገብ መሸጎጥ በገዛ ሰውነት ላይ ቁማር መጫወት ነው። ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ ርካሽ ሽጉጦች ደግሞ ብረታቸው ደካማ፣ አሠራራቸው የማይታመን ነው። «እንግዲያው ጥፋቱ የብረቱ ነው» የሚል ቢኖር፣ ያንን ብረት ገዝቶ፣ አጉርሶ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይዞ የገባው ማን ነው?

በዓለም ዙሪያ ተኩስ የሚያስተምሩ ሁሉ የሚስማሙባቸው ደንቦች ጥቂት ናቸው፦ መሣሪያን ሁልጊዜ እንደጎረሰ ቁጠር፤ ልትገድለው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዝ አታዙር፤ ዒላማህን ሳታረጋግጥ ጣትህን ምላጭ ላይ አታሳርፍ፤ ከዒላማህ በስተጀርባ ያለውን ዕወቅ። ብረቱ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ አፈሙዙ ወደ ሰው ካልዞረ ግድግዳ ወይም መሬት ይመታል። «ባረቀ» በምንለው ሞት ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ደንብ ተጥሷል። ለሠርግ ወደ ሰማይ የተተኮሰውም ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ የማን አናት ላይ እንደሚያርፍ ግን ሙሽራውም ሚዜውም አያውቁም።

የዚህ ጽሑፍ ተቃዋሚ ጠንካራ ክርክር እንዳለው አልክድም። «ባረቀ ማለት ዕርቅ ነው» ይላል። «ገደለ ካልን ደም መላሽ ይነሣል፤ ሁለት ቤት ይጠፋል። ሽማግሌዎች ይህን ቃል የሚመርጡት ሰላም ፈላጊ ስለሆኑ ነው።» ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ደም የሚመላለስበት አገር ልጆች ነንና። ነገር ግን በነፍሰ ገዳይነትና በንጹሕነት መካከል ሌላ ስፍራ የሌለ ያስመስለዋል።

ስፍራውስ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 ጥፋት የሌለበት ድንገተኛ ነገር እንደማያስቀጣ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 543 ግን በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እንዲታሰር ወይም መቀጫ እንዲከፍል ያዝዛል። የምንኖርበት አገር የሱዳን የ1991 (እ.ኤ.አ.) የወንጀል ሕግም ሆን ተብሎ ከተፈጸመው ግድያ ለይቶ «ቀትል ኸጠእ» የሚለው አለው፤ የደም ካሣውም «ዲያ» ይባላል። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ በስሕተት የገደለን ካሣና ንስሐ ይጠይቀዋል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ደግሞ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ያልጠበቀ ባለቤት በበሬው አያመካኝም። ሽጉጥ ተዋጊ በሬ መሆኑ ያልተነገረው ማን አለ?

ነገሩን ዛሬ የሚያጣድፍ ምክንያት አለ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተጀመረና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ከወደቀች በኋላ፣ በገዳሪፍና በአጎራባች ግዛቶች ሕዝቡ እንዲታጠቅ ጥሪ ተደርጓል። መሣሪያ ይዞ የማያውቅ እጅ መሣሪያ ጨብጧል። ከድንበሩ ወዲያ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ ውጊያ ነው። ብረት በበዛበትና ሥልጠና ባነሰበት ዘመን «ባረቀ» ብሎ ማለፍ ለሚቀጥለው ሟች ጉድጓድ መማስ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሽማግሌዎች ያስታርቁ፤ ነገር ግን አስቀድመው ይጠይቁ፦ ጎርሶ ነበርን? አፈሙዙ ወዴት ዞሮ ነበር? በማን እጅ ነበር? ልጅ እንዴት ደረሰበት? ከካሣው ጋርም መሣሪያው ከዚያ ቤት መውጣቱን የዕርቁ ግዴታ ያድርጉት። እድሮች መሣሪያ ይዞ ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ መግባትን በደንባቸው ይከልክሉ። ካህናትና ሼኾች የተዋጊውን በሬ ነገር ያስተምሩ። የምንጽፍና የምንተረጉም ሰዎችም «ባረቀበት» የሚለውን ትተን «በቸልተኝነት ተኩሶ ገደለ» እንበል። ቃሉ ይከብዳል፤ መክበዱም ተገቢ ነው። ያ ክብደት ሌላው ሰው ሽጉጡን ከማጉረሱ በፊት እጁን ከያዘው ሥራውን ሠርቷል።