ወደ እንጦጦ ስንወጣ፦ የቤተሰብ ጉዞና የእንግድነት አደብ



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ስለ ሩቅ አገር ጉዞ ሳይሆን ከደጃችን ስላለው ተራራ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ የምንኖር ቤተሰቦች፣ ኮተቤም ሆንን ሾላ፣ መገናኛም ሆንን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀና ባልን ቁጥር የምናየው የእንጦጦንና የየካን ተራሮች ነው። ይሁንና ብዙዎቹ ልጆቻችን ከተራራው ሥር አድገው አናቱን አያውቁትም። ወላጆችን ስንጠይቅ መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ «ጫካ ነው፣ ሌባ አለው፣ ጅብ አለው፣ ለሴት ልጅ አይሆንም» ይሉናል። ወንዶቹ ልጆች ግን ሁለት ሦስት ሆነው ሳያስፈቅዱ ይወጣሉ። እንግዲህ ክልከላችን ሴቶቹን ቤት አስቀራቸው እንጂ ወንዶቹን አልጠበቃቸውም ማለት ነው።

ቁርአን በምድር ላይ ተጉዘን የፈጣሪን ሥራና ያለፉትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንድናስተውል ደጋግሞ ይጠራናል። ስለዚህ ጥያቄው «እንውጣ ወይስ እንቅር?» ሳይሆን «እንዴት እንውጣ?» መሆን አለበት እንላለን።

ለመሆኑ እዚያ ላይ ምን አለ? እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍ ይላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ መቀመጫ በዚህ ተራራ ላይ ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ነባሩ ደን ለማገዶ ሲመናመን በእሳቸው ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተከለ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ደግሞ የእግርና የብስክሌት መንገዶች፣ የፈረስ ግልቢያና የልጆች መጫወቻ አሉት። በዚያው ተራራ ላይ ባለው የጠፈር ምርምር ጣቢያ የመስታወታቸው ወርድ 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። በየካ በኩልም ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል አለ።

ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የእንጦጦ አናት የውኃ መለያያ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች ከተማችንን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ግን በሱሉልታ አድርጎ ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ ይወርዳል። እኛ ይህንን በመጽሐፍ አልተማርነውም፤ በድንጋጤ ተማርነው እንጂ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አራት ቤተሰብ ሆነን ወጣን። ከትልቅ እስከ ትንሽ 17 ነበርን። አለቃ አልመረጥንም፣ ሰውም አልቆጠርንም። ጠዋት ሽቅብ ስንጓዝ የራሳቸውን ክብደት የሚያህል እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናት አገኘን። ከወጣቶቻችን አንዱ ሳያስፈቅድ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳቸው። እሳቸውም ከነሸክማቸው ዞር ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ከለሉ። እኛም አይተን ዝም አልን።

ለዐስር ሶላት ስንሰለፍ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ጎደለ። የእናቱ ጩኸት ዛሬም ከጆሯችን አልጠፋም። ልጁ ወደ ጫካው ገብቶ መንገዱ ሲጠፋበት፣ ከተማው ከተራራው በታች መሆኑን ያውቃልና ወራጅ ውኃ ተከትሎ ቁልቁል ሄደ። ነገር ግን የወረደው ወደ ሰሜኑ በኩል ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ እጁን ይዘው ያመጡልን እኚያው እናት ናቸው፤ ለሁለተኛ ሸክም ተመልሰው ሲወጡ እያለቀሰ አግኝተውታል። ገንዘብ ብንዘረጋላቸው «ለልጅም ዋጋ ይከፈላል እንዴ?» ብለው እምቢ አሉ። ወጣቱ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ፎቶውንም እያዩት አጠፋው። መርቀውን ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደንብ አውጥተን እንጓዛለን። ይኸውና።

አንደኛ፣ አለቃ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አስተምረዋል። አሚሩ ስንነሳም፣ ስናርፍም፣ ስንመለስም ሰው ይቆጥራል። ከፊትና ከኋላ አዋቂ ይሁን፤ ሴቶች ልጆችና ሕፃናት ከመሐል ይሂዱ። በየት እንደምንሄድና በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ቤት ለቀረ ሰው እንንገር።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ጠዋት 2 ሰዓት ግድም እንነሳ፤ ዙህርን እዚያው እንስገድ፤ ዐስርን እንደሰገድን መውረድ እንጀምር፤ መግሪብ ቤታችን ያግኘን። በከተማችን ፀሐይ ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙም አትቆይም፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆችን ወደ ቤት እንድንሰበስብ መክረዋል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ መብረቅም አለ፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ከረጅም ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም።

ሦስተኛ፣ መንገድ። ጥርጊያውን መንገድና ፓርኩን አንልቀቅ። ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወስደውን ጫካማ መንገድ የሚመስል ጭር ያለ ሥፍራ ማንም ለብቻው አይሂድበት፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዞ በቡድን መሄድ ይሻላል። ወርቅ ቤት ይቅር። ዘራፊ ቢያጋጥም ንብረቱን መስጠት እንጂ መታገል አይገባም፤ ስልክ ይገዛል፣ ነፍስ አትገዛም። ልጆች ከጠፉ ውኃ ተከትለው እንዳይወርዱ፣ ባሉበት ቆመው እንዲጣሩ እናስተምራቸው። የፖሊስ ቁጥር 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በቃላቸው ይያዙት።

አራተኛ፣ ጤና። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ ያንሳል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ወፍራም ልብስ፣ ለመጠጥና ለውዱእ የሚሆን ውኃ እንያዝ። ቂብላው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ስለዚህ ከተማዋን ከኋላችን አድርገን እንሰግዳለን። ከከተማችን ስላልራቅን ሶላት አናሳጥርም።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ አደብ ነው። እንደ ማልዲቭስና ብሩናይ ያሉ ትንንሽ የሙስሊም አገሮች እንግዳ ሲቀበሉ በጨዋ ልብስ እንዲመላለስ፣ መስጊድ ሲገባ ጫማውን እንዲያወልቅ ይጠይቁታል። እኛም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሐረር ጀጎልንና መስጊዶቹን የሚጎበኝ ሰው ሴቶቻችንን ሳያስፈቅድ ፎቶ ቢያነሳ ይከፋናል። በእንጦጦ ደግሞ እንግዶቹ እኛ ነን። በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ለጸበል የመጡ ብዙ ሕሙማን አሉ፤ የእነሱን ፊት መቅረጽ፣ በግቢያቸው ጮክ ብሎ መሳቅ፣ በጾማቸው ፊት ለፊታቸው መብላት ለሙስሊም አይገባም። እንጨት የሚሸከሙት እናቶችም የሰው እናቶች እንጂ ትርኢት አይደሉም። መንገድ እንልቀቅላቸው፣ ሰላም እንበላቸው።

ወላጆች ሆይ! አደብ ለመልካም ስም ብቻ የሚፈለግ እንዳይመስለን። የተራራው ሰው ያከበረውን እንግዳ ይጠብቃል። እኚያ እናት ቂም ቢይዙብን ኖሮ በዚያች ምሽት ልጃችን የት ያድር ነበር? ሴቶች ልጆቻችንንም አናስቀራቸው፤ ይዘናቸው እንውጣ፣ ቆጥረን እንመለስ።

አላህ (ሱ.ወ) መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።