ለኳስ ሜዳ ምን አስቸኳይ አለው?

«ሕዝብ ያለው ይሆናል» ይሉናል አሜሪካኖች። እስቲ ሲያትልን እንይ።

በሴፕቴምበር 1995 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋ ያለችበት የኪንግ ካውንቲ መራጭ «ለቤዝቦል ስታዲየም የሽያጭ ታክስ ይጨመር ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ። በጠባብ ልዩነት «አይጨመርም» አለ። አለቀ አይደል? ኧረ የት! ወር ሳይሞላ የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት በልዩ ስብሰባ ለዚያው ስታዲየም ሌላ ታክስ አጸደቀ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ በመቶው ምግብ ቤት በሚበላ ላይ ተጣለ። የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ ክትፎ ያዘዘ ወገናችን ሁሉ፣ ቤዝቦል ወደደም ጠላም፣ እስከ 2011 ድረስ ከፍሏል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ታክሱ አይደለም። ሕጉ ውስጥ «አስቸኳይ ነው» የምትል አንቀጽ ሸጎጡበት። በዚያ ግዛት አስቸኳይ የተባለ ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም። የተቃወሙ ሰዎች ከሰሱ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 ለምክር ቤቱ ፈረደ።

ጎርፍ መጣ? ወረርሽኝ ገባ? ባለቤቶቹ «ገንዘቡ ካልተገኘ ክለቡን ለሽያጭ እናቀርባለን» ብለው ቀነ ገደብ ሰጡ፤ አስቸኳዩ ይኸው ነው!

ደግሞ ጉዱ፦ ቀድሞ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው ኪንግዶም ስታዲየም በ2000 በፈንጂ ሲደረመስ ዕዳው አላለቀም ነበር። ሕዝቡ የሌለ ስታዲየም ዕዳ እስከ 2015 ሲገፈግፍ ኖረ። ታዲያ ያኔ «አይጨመርም» ያለው መራጭ ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው?